መጋዘኑ ክረምት ላይ ባዶ ነው

(አዳማ ውስጥ ለወጣት ነጋዴዎችና ለኪነ ጥበብ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የጋበዙኝ ልጆች «ስለ ንግድ ሕይወትዎ፣ ስለ ሕዝብ አገልግሎትዎ፣ ለኪነ ጥበብ ስላደረጉት ድጋፍ ያጫውቱን» ነበር ያሉኝ። ሦስቱን ለየብቻ ልጽፍ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ እምቢ አለኝ። እኔ ዘንድ ሦስቱም አንድ ጣራ ሥር ነው የኖሩት፤ ጣራውም የቦሎቄ መጋዘን ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ የማወራው ስለ መጋዘን ነው፤ ታገሱኝ።

የተወለድኩት በ1946 ዓ.ም.፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው። ከተማችን ያኔ ናዝሬት ትባል ነበር። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር። እሑድ እሑድ ከኪሱ አንዲት ደስታ ከረሜላ ያወጣልኛል። ወንጂ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ደግሞ የሸንኮራውን ማሳ እያሳየኝ «ያች ከረሜላህ ይኸው እዚህ ቆማለች» ይለኝ ነበር። ነገር ከየት መጥቶ ምን እንደሚሆን ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ይመስለኛል። ንግድ ለእኔ እስከ ዛሬ ይኸው ነው፤ ዕቃው ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ በመካከሉ ማን ይደክምበታል?

በ14 ዓመቴ አንድ የየመን ተወላጅ ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ሰፊ ሆኜ ገባሁ። ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ የዱቤ መዝገቡን አብረን እናመሳክራለን፤ ሲያልቅ ሸክላ ማጫወቻቸውን ከፍተው አንድ ሸክላ ያሰሙኛል። አንድ ብቻ። ሌላ ይጨመር ስላቸው «ነገም ሥራ አለ» ብለው ክዳኑን ይዘጉታል። ዓለማየሁ እሸቴን መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው፤ በጤፍና በበርበሬ ጆንያ መካከል ተቀምጬ፣ መርፌው እጄ ላይ እንዳለ።

የዚያን ሸክላ ታሪክ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነጋዴ፣ ይህን እያወቀ ገንዘቡን አወጣና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የዓለማየሁን ሸክላ አሳተመ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ውጭ እያሳተመ ነበር የሚያስመጣው። በዚያው አቆጣጠር እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። በመካከሉ አብዮቱ መጣ፤ እሱም አገር ጥሎ ሄደ። ዛሬ የውጭ ሰው ሳይቀር ፈልጎ የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ፣ ትልቁ ክፍሉ የተረፈልን አንድ ነጋዴ ስለቆረጠ ነው። ሰውየው ሸክላ ሻጭ ነበር። ለዘፋኙ ከፈለ፣ ሸክላውን ሸጠ፣ በሽያጩ ሌላ ዘፋኝ አስዘፈነ።

ሀገር ፍቅርንም ቢሆን በ1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ የመሠረቱት መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። እኚህ ሰው ኋላ የገንዘብ ሚኒስትርም የንግድ ሚኒስትርም ሆነዋል። ስለዚህ «ነጋዴ ከጥበብ ምን አገናኘው?» ሲሉኝ እኔ የምመልሰው እነዚህን ሁለት ሰዎች ጠርቼ ነው።

በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. ሁሉን ነገር ገለበጠው። ፋብሪካው ተወረሰ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለቀረው ነጋዴ የካፒታል ወሰን ተበጀለት፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ ብር፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ። እህሉን ቆይቶ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያዘው፤ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ያሳደጉኝ ነጋዴ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ የመን ተመለሱ። ሸክላ ማጫወቻውን ለእኔ ትተውልኝ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. በችግር ሸጥኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ እህል መዛኝና መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማታ ማታ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ መታሁ። ስለ ኪነት ዘመን ክፉ ይነገራል፤ ክፉም ነበረበት፤ የምንዘምረውን የምንመርጠው እኛ አልነበርንም። ግን አንድ እውነት መናገር አለብኝ። ልምምድ የምናደርግበት አዳራሽ ነበረን። የድሃ ልጅ ከበሮ ሳይገዛ ከበሮ ይማር ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ መዝሙሩም ቀረ፣ አዳራሹም አብሮ ቀረ። መዝሙሩ መቅረቱ ደግ ነው። አዳራሹን ግን ማንም አልተካልንም፤ ያ ጉድለት ዛሬም ከተማችን ላይ ይታያል።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ 36 ዓመቴ ነበር። የአንድ ዕቁብ ብር ወጣልኝ፤ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የራሱን ተራ ለቀቀልኝ። በእነዚያ ሁለት ዕቁቦች ነው ቦሎቄ የገባሁት።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንግባ።

ነጩን ቦሎቄ እኛ እንደ ምስርና እንደ ሽሮ ብዙ አልለመድነውም። አብዛኛው ወደ አውሮፓ ሄዶ በቲማቲም ስልስ ተሠርቶ በቆርቆሮ ይታሸጋል። መሬቱ ግን የኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ወለንጪቲ፣ ቦፋ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ ድረስ። ገበሬው አዋሽ አንድ፣ አዋሽ መልካ እያለ የሚጠራው ዘር የወጣው እዚሁ አጠገባችን መልካሳ ምርምር ማዕከል ነው። ክረምት ሲገባ ይዘራል፣ ጥቅምት አካባቢ ይሰበሰባል፤ ከኅዳር ጀምሮ መጋዘኑ እስከ በሩ ይሞላል። ግንቦት ላይ እያለቀ ይመጣና ሰኔ ላይ ባዶ ይሆናል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ቦሎቄው መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት መለቀም አለበት። በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያ ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ክምሩን አፍስሰው፣ የተሰበረውን፣ ቀለም የነካውን፣ ጠጠሩን ይለያሉ። ክፍያቸው በኩንታል ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እናቱ ወይም አያቱ ቦሎቄ ለቅማ ያሳደገችው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጣታቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይን ሳያየው ጣት ያውቀዋል። የተነቀዘች ፍሬ ቀለል ትላለች፤ አውራ ጣት ላይ ስትደርስ ወዲያው ወደ ጎን ትወረወራለች። እኔ ከ20 ዓመት በላይ ቦሎቄ ነግጄ ያን ያህል አልቻልኩም።

እየለቀሙም ይዘፍናሉ። አንዷ በኦሮምኛ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ቆይቶ በአማርኛ፣ ቆይቶ በከምባትኛ። ግጥሙን እዚያው ይፈጥሩታል፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ሞተ ሰው፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ አንዳንዴም ስለ እኔ።

አንድ ቀን ዝም አሰኘኋቸው። ሚዛን ላይ የሚቆጠረውን መዝጋቢው ስቶብኝ ነበር፤ ተናድጄ «ከዛሬ ጀምሮ ዘፈን የለም» አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ለመርከብ የተዘጋጀውን ሳስፈትሽ ሰባራውና ቀለም ያለው በዝቶ አገኘሁት። ከለቃሚዎቹ በዕድሜ ትልቋን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸውን፣ ጠርቼ «ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ልጄ፣ ዝም ስንል ቤታችንን እናስባለን» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ዘፈኑን የሥራ ማዳመቂያ አድርጌ ነበር የማየው። ለእነሱ ግን አሳባቸውን ከኪራይና ከልጅ ሕመም ላይ አንስቶ እጃቸው ላይ የሚያኖርላቸው እሱ ነበር። ዕለቱን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ዘፈኑም ተመለሰ። ለጥበብ አደረግኩ የምትሉት ሁሉ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ መጀመሪያም ያደረግኩት ራሴ የከለከልኩትን መመለስ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የያዙ አራት ልጆች ቢሮዬ መጡ። የቲያትር ክበብ ናቸው። የነጋዴ ቢሮ የሚያንኳኳ ልጅ ሁሉ ያች ማኅተም ያለባት ደብዳቤ በእጁ ናት፤ ፎልደሩ በላብ ረጥቧል። ደብዳቤውን ሳላነበው መሳቢያዬን ሳብኩና 500 ብር ቆጠርኩ። ከአራቱ አንዷ ልጅ ብሩን አየችና «ጋሼ፣ ይሄ ለአንድ ሳምንት ነው። ዝናብ የማይገባበት ቦታ ቢሰጡን ለክረምቱ በሙሉ ይበቃናል» አለችኝ።

መጋዘኑ በዚያ ሰዓት ባዶውን ነው። ወለሉ ተጠርጎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ዘበኛ እየተከፈለው እስከ ጥቅምት ድረስ ባዶ ይቆማል። ሰጠኋቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፃቸው አይሰማም ነበር፤ እነሱ ደግሞ በዚያ ምክንያት ድምፅ ማውጣት ተማሩ። ያን ክረምት አዳማ ላይ የተናገረ ተዋናይ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ገንዘባችሁን ከማየታችሁ በፊት ባዶ የቆመውን ዕቃችሁን እዩ። ቦሎቄ ሊያመጣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ የሚሄደው አይሱዙ ሲሄድ ባዶ ነው። እኛ ልጆቹን ከነመጋረጃቸው ጭነን፣ መቂ አውርደን፣ ቦሎቄ ጭነን እንመለስ ነበር፤ ሹፌሩ ቲያትሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ ቃሉን በቃሉ ያውቀው ነበር። የእድር ዳኛ በነበርኩበት ጊዜ ደግሞ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ለቅሶ በሌለበት ቀን ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ይውላል። ለእድርተኛው አቀረብኩት። ሁለት ስብሰባ ተከራከርን። ሽማግሌዎቹ «የሐዘን ወንበር ለጨዋታ አይሆንም» አሉ፤ ያሉትን አከብራለሁ፤ ልማድ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በመጨረሻ አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቹ ወንበሩን አጥበው ይመልሱ፤ ለቅሶ ሲደርስ ደግሞ ቀድመው መጥተው ድንኳን ይትከሉ» አሉና በዚያ ተስማማን። ልጆቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ዛሬ ሌላ ከተማ ያሉ ተዋንያን አሉ፤ መጀመሪያ የተማሩት የድንኳን ካስማ መምታት ነው።

በንግድ ምክር ቤትም፣ በወላጅ ኮሚቴም፣ በጎርፍ ጉዳይም ሠርቻለሁ። ስለ ጎርፉ ብቻ ትንሽ ልበል፤ ክረምት ሲመጣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ውሃ አዳማን ምን እንደሚያደርጋት ስለምታውቁ። እኔ የሕዝብ አገልግሎት ስብሰባ ላይ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ቦይ ጠረጋ ላይ ግን ችግሩ ገንዘብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት በሩ ፊት ያለውን ብቻ ይጠርጋል፣ ውሃው ደግሞ ያልተጠረገውን ፈልጎ ይገባል። መንደር ለመንደር ዞረን በአንድ ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች መጥረግ እንዳለብን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብን። ስብሰባ ጠርተን ሰው አልመጣም። የመጣው እነዚያ የቲያትር ልጆች በየሰፈሩ መንገድ ዳር ቆመው በኦሮምኛና በአማርኛ አጭር ድራማ ሲሠሩ ነው። አንዲት እናት ቆሻሻ ቦዩ ውስጥ ትደፋለች፤ ማታ ያው ቆሻሻ በራሷ በር ይገባል። ሕፃናቱ ያንን ትዕይንት ለወር ያህል ሲደግሙት ሰነበቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አካፋ ይዞ የወጣውን ሰው እኔ ቆጥሬ አልጨረስኩትም።

አሁን ስለ ገንዘብ፤ ገንዘብ የግድ ነውና።

አንድ ጊዜ ትልቅ ዝግጅት ነበረን፤ የጠራንን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም። ምግብ ያቀረበው ሰው ሒሳቡን በዚያው ሌሊት ወሰደ። ድንኳን ያከራየው በማግስቱ ተከፈለው። ማሲንቆ የመታውና የዘፈኑት ልጆች ግን ደረሰኝ አምጡ፣ ፊርማ ይቀራል፣ ኃላፊው መስክ ናቸው እየተባሉ አራት ወር ተመላለሱ። የኮሚቴው አባል ነበርኩ፤ ያወቅኩት ማሲንቆ መቺው መንገድ ላይ አግኝቶኝ ለትራንስፖርት ብቻ ያወጣውን ሲነግረኝ ነው። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። ምግብ አቅራቢውን ሁላችንም ነጋዴ ብለን እናየዋለን፤ ዘፋኙን ግን ተጫውቶ የሄደ እንግዳ አድርገን ነው የምናየው። ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ ባለፈ ዝግጅት ሁሉ ግማሹ በቀብድ፣ ግማሹ መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ይከፈላል። ሸቀጥ አምጪ ሰው ላይ የማናደርገውን ጥበበኛ ላይ አናድርግ። እኔ ስፖንሰር የሚለውን ቃል ብዙም አልወደው። ስፖንሰር ባነሩን ሰቅሎ ይሄዳል። ደንበኛ ግን ይመለሳል፤ ዕቃው ሲከፋበት ይናገራል፣ ሲጥመው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ለጥበብ ደንበኛ ሁኑ።

ደንበኛ መሆንን ደግሞ እኔ ራሴ አጥፍቼ ነው የተማርኩት። ንግዱ ሲስፋፋ አንድ ሠዓሊ ለቢሮዬ ትልቅ ሥዕል እንዲሠራልኝ አዘዝኩ። ለቃሚ ሴቶቹን ይሥልልኝ አልኩ፤ እሺ አለ። ሦስት ሳምንት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሲነድፍ ከረመ። ሥዕሉ ሲያልቅ አየሁት፤ ከላይ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አቧራውን ወርቅ አስመስሎታል፤ እማማ ጎንበስ ብለው አንዲት ፍሬ በሁለት ጣት ይዘዋል። እኔ ምን አልኩ? «ከኋላ ያለው ጆንያ ላይ የድርጅቴ ስም ይጻፍበት።» ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ክፍያው ስለቀረው ጻፈልኝ። ሥዕሉ ዛሬም ቤቴ አለ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የእማማ ጣት ላይ መሆኑ ቀርቶ ጽሑፉ ላይ ነው። ሠዓሊውን ከዓመታት በኋላ አግኝቼ እንዲያጠፋልኝ ጠየቅኩት፤ «ጋሼ፣ ከሥሩ ያለውም አብሮ ይጠፋል» አለኝ።

አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ከቻላችሁ፣ አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል እዩት። አዳራሹ በቅርቡ ታድሷል። ሦስት ክፍል፣ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ሠዓሊው ገና ወጣት ሳለ የተሰጠው ሥራ ነው። ሲያሠሩት ከፍለውታል፣ ግድግዳውን ለቀውለታል። እዚያ ሥር ስቆም የራሴ ጆንያ ነው ትዝ የሚለኝ። ስለዚህ ሥራ አዛችሁ ስታሠሩ ልኩን ተናገሩ፣ ቀኑን ተናገሩ፣ ዋጋውን ተዋዋሉ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ።

ለጥበብ ልጆችም አንድ ነገር አለኝ። ነጋዴ ጋ ስትመጡ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ያች ልጅ እንዳደረገችው የሚያስፈልጋችሁን ለይታችሁ ኑ። ስንት ቀን፣ ስንት ሰው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ መብራት ያስፈልጋል አያስፈልግም። ነጋዴ «ድጋፍ» ሲባል ኪሱን ይይዛል፤ «ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 20፣ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት» ሲባል ግን መዝገቡን ያወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ሥሩ። እኔ መጀመሪያ አማርኛውን ብቻ ነበር የማሠራው፤ መጋዘኑን ግን በኦሮምኛ የሚዘፍኑ ሴቶች ናቸው ያቆሙት፤ ቲያትሩን ሊያዩ ሲመጡ በራሳቸው ቋንቋ ሊሰሙት ይገባል። ሁለቱንም ማሠራት ከጀመርን በኋላ ተመልካቹ ከአዳማ አልፎ ከአርሲ በኩል ሁሉ ይመጣ ጀመር።

ንግዱን ለልጆቼ ካስረከብኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እነሱ ማሽን አስገብተዋል፤ ቦሎቄውን አብዛኛውን ማሽን ያበጥረዋል፤ ለቃሚዎቹ ጥቂት ቀርተዋል። እማማ አርፈዋል። ዘፈናቸውን ማንም አልቀዳውም፤ እኔም አልቀዳሁትም፤ በእጄ ላይ ስልክ ነበረኝ፣ ደስ እያለኝ ቆሜ ሰምቼ ሄድኩ። ከቀሩት ለቃሚዎች ሁለቱ ዛሬ እዚህ አሉ፤ በስተግራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። ግጥሙን ያስታውሳሉ። ከእናንተ መካከል ድምፅ መቅዳት የሚችል፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚሰማ ልጅ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ፤ ለእሱም ለእነሱም ዋጋው ዛሬ እዚሁ ተዋውለን ግማሹ በቀብድ ይከፈላል።

መጋዘኑ ዘንድሮም ከሰኔ ጀምሮ ባዶ ነው። ልጄን አናግሬዋለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለው ቆርቆሮ ትንሽ ያፈሳል፤ ከግንቦት በፊት ይጠገናል። መብራቱ ይሠራል። ቁልፉ ከዘበኛው ጋር ነው፤ ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርማችሁ ትወስዳላችሁ።